ባዶ ዓምድ ነውር አይደለም፦ ስለ ዳራ ዓምድ አጻጻፍ መመሪያ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአኒሜና ማንጋ የመረጃ ቋት አዘጋጆችና አርታዒዎች፣
እንዲሁም ጊዜያቸውን ሰጥተው ለሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች ሁሉ፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የሥራዎችን ዳራ ለሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች የሚሰጠው መመሪያ እንዲሻሻል ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ይህን ደብዳቤ በግል ልልክላችሁ እችል ነበር። በግልጽ መጻፉን የመረጥሁት ጉዳዩ በአንድ ጸሐፊና በአንድ አርታዒ መካከል የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። የመረጃ ቋታችሁን ከፍቶ የሚያነብ፣ ያነበበውን ቀድቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድ፣ በክርክር መካከል «እዚያ ተጽፏል» ብሎ የሚጠቅስ ሰው ሁሉ ያገባዋል። እኔ በዳራ ዓምድ ላይ ለዓመታት የጻፍሁ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ዓምዱን እወደዋለሁ፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ስለምወደው ነው።

ዳራ የምንለው በእያንዳንዱ አኒሜ (የጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ፊልም) ወይም ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ መጽሐፍ) ገጽ ላይ ከታሪኩ ማጠቃለያ በታች የሚቀመጠውን አጭር ጽሑፍ ነው። ማጠቃለያው በታሪኩ ውስጥ ምን እንደሚሆን ይናገራል። ዳራው ደግሞ ታሪኩ ራሱ እንዴት እንደተወለደ መናገር አለበት፤ ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው መጽሔት እንደወጣ፣ ማን ገንዘብ እንዳወጣበት፣ ለምን መሃል ላይ እንደተቋረጠ፣ ለምን ሁለት ጊዜ እንደተሠራ። መመሪያችን ግን ስለዚህ ዓምድ ያለው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ስለ ሥራው ትኩረት የሚስብ ተጨማሪ መረጃ እንድንጽፍ ይጋብዘናል። አሉባልታም ትኩረት ይስባል፤ የሽያጭ ማስታወቂያም ይስባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጽፍ የተቀመጠ ወጣት ከዚህ ዓረፍተ ነገር ምን ይማራል? ምንም አይማርም። ስለዚህ የመሰለውን ይጽፋል፤ እኔም የመሰለኝን ጻፍሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። መጻፍ በጀመርሁ ሰሞን የ«ኒዮን ጀነሲስ ኢቫንጌሊዮን»ን ዳራ ለማዘጋጀት ተነሣሁ። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የቴሌቪዥን ተከታታዩ መታየት የጀመረው ኦክቶበር 4 ቀን 1995 ነው። የዮሺዩኪ ሳዳሞቶ ማንጋ ግን «ሾነን ኤስ» በተባለው መጽሔት ላይ በዲሴምበር 1994 ብቅ ብሏል። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀመጥሁ፤ ቀድሞ የወጣው ምንጭ፣ ቆይቶ የወጣው ቅጂ መሆን አለበት አልሁ፤ አኒሜው በሳዳሞቶ ማንጋ ላይ የተመሠረተ ነው ብዬ ጻፍሁ። ቀኖቹ ትክክል ነበሩ፤ መደምደሚያዬ ግን ሐሰት ነበር። ሥራው ከመነሻው የጋይናክስ ስቱዲዮና የዳይሬክተሩ የሂዴያኪ አኖ የአኒሜ ዕቅድ ነው። ሳዳሞቶ የአኒሜውን ገጸ ባሕርያት የነደፈ ሠዓሊ ሲሆን፣ ማንጋው አኒሜው ገና በዝግጅት ላይ ሳለ ቀድሞ ለአንባቢ ደረሰ። ቀድሞ በር ያንኳኳው ልጁ እንጂ አባቱ አልነበረም። ተከታታዩ በ26 ክፍሎች ማርች 1996 ላይ ሲጠናቀቅ፣ ማንጋው እስከ 2013 ተጉዞ በ14 ቅጾች አለቀ።

ማንም አላረመኝም። ምንጭህ የት አለ ያለኝም አልነበረም፤ መመሪያው አይጠይቅም። ስህተቴን ከወራት በኋላ ራሴ ሳውቅ ያ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል በሌሎች ቦታዎች ተቀድቶ አገኘሁት። የእኛን ገጽ አረምሁ። የተቀዱትን ግን ልደርስባቸው አልቻልሁም፤ ዛሬም የሆነ ቦታ የእኔን ስህተት የሚያነብና የሚያምን ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለተጻፈ ቃል ይበልጥ እንደሚሠራ የገባኝ ያኔ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ በዳራ ዓምድ የሚገባ እያንዳንዱ አሳብ ከየት እንደተገኘ ጸሐፊው እንዲናገር የሚያስገድድ ደንብ እንድታወጡ ነው። ምንጩም ሥራውን ወደሠሩት ሰዎች የሚያደርስ ይሁን። መጽሐፉ ራሱ፣ በፊልሙ መጨረሻ የሚያልፈው የሠራተኞች ስም ዝርዝር፣ አሳታሚው ወይም ስቱዲዮው ያወጣው መግለጫ፣ ደራሲው ወይም ዳይሬክተሩ የሰጠው ቃለ ምልልስ፣ የዘመኑ መጽሔት፤ እነዚህ ምንጮች ናቸው። ሌላ የመረጃ ቋት ግን ምንጭ ሊሆን አይገባውም። እነሱ ከእኛ ይቀዳሉ፣ እኛም ከእነሱ እንቀዳለን። ሁለት መስተዋት ፊት ለፊት ቢያቆሙ ምስሉ ይበዛል እንጂ አዲስ ነገር አይታይባቸውም።

የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደመጣ፣ መቼና በማን እጅ እንደተሠራ ማጣራት የዳራ ጸሐፊ ዋና ሥራ ነው። የሀያኦ ሚያዛኪን «የነፋስ ሸለቆዋ ናውሲካ» ተመልከቱ። ፊልሙ ለእይታ የበቃው ማርች 11 ቀን 1984 ነው፤ በብዙ ቦታም ሚያዛኪ ኋላ ከሌሎች ጋር ያቋቋመው የስቱዲዮ ጂብሊ ሥራ ተብሎ ይጻፋል። ስቱዲዮ ጂብሊ ግን የተመሠረተው በጁን 1985 ነው። ፊልሙን የሠራው ቶፕክራፍት የተባለ ሌላ ስቱዲዮ ነበር። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ሰዎቹ ብዙዎቹ ያው ናቸው፣ ፊልሙም ዛሬ ከጂብሊ ሥራዎች ጋር ተደርድሮ ይሸጣል። ይህንኑ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል፤ አንባቢም ያመሰግናል። ማንጋውን ያየን እንደሆነ ደግሞ «አኒሜጅ» በተባለው መጽሔት ላይ በ1982 ተጀምሮ ያበቃው በ1994 ነው። ፊልሙ ሲወጣ መጽሐፉ ገና የአሥር ዓመት መንገድ ይቀረው ነበር። ይህን ያነበበ ሰው ፊልሙና መጽሐፉ ለምን ያን ያህል እንደሚራራቁ ማንም ሳይነግረው ይረዳል። ዳራ ለእኔ ይህ ነው።

የካትሱሂሮ ኦቶሞ «አኪራ»ም እንዲሁ ነው። ደራሲው ራሱ ያዘጋጀው ፊልም በጁላይ 1988 ሲወጣ ማንጋው አላለቀም ነበር፤ እስከ 1990 ቀጥሏል። የሂሮሙ አራካዋ «ፉልሜታል አልኬሚስት» ሁለት ጊዜ ለቴሌቪዥን ተሠርቷል። በ2003 የተጀመረው ባለ 51 ክፍሉ ተከታታይ ማንጋው ገና በጉዞ ላይ ሳለ ስለደረሰበት የራሱን መንገድ ይዞ ተጠናቀቀ። በ2009 የተጀመረው ባለ 64 ክፍሉ ግን ማንጋውን ተከትሎ ሄደ፤ እሱና ማንጋው በ2010 በጥቂት ሳምንታት ልዩነት አበቁ። በገጻችን ላይ የሁለተኛው ዳራ «የመጀመሪያው ድጋሚ ነው» በሚል አንድ መስመር ተዘግቶ ባየሁ ጊዜ አዘንሁ። ድጋሚ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ከአንድ ምንጭ ተቀድተዋል፤ የተቀዱበት ሰዓት ግን የተለያየ ነው።

አሁን ወደ ቀን ልምጣ። እዚህ ላይ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ አብዛኛው ስህተታችን የሚወለደው ከክፋት ሳይሆን የጃፓንን የኅትመትና የሥርጭት ቀን አነባበብ ካለማወቅ ነው፤ ይህም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊማሩት የሚቻል ነገር ነው።

የጃፓን ወርኃዊ መጽሔት ሽፋን ላይ የሚታተመው ወር መጽሔቱ ለሽያጭ ከሚወጣበት ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል። «ዶራኤሞን» የተጀመረው በጃንዋሪ 1970 እትሞች ነው፤ እትሞቹ ግን የተሸጡት በዲሴምበር 1969 ነው። የኢቫንጌሊዮን ማንጋ መጀመሪያም የፌብሩዋሪ 1995 እትም ላይ ነበር፤ አንባቢ እጅ የገባው ግን በዲሴምበር 1994 ነው። አንዱ ጸሐፊ 1969 ሲል ሌላው 1970 ይላል፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንዱ የሌላውን ይሰርዛል። ሁለቱም ሐሰተኛ አይደሉም፤ ሁለቱም የየትኛውን ቀን እንደሚናገሩ አልተናገሩም። ሳምንታዊዎቹ መጽሔቶች ደግሞ ቁጥር አላቸው። «ዋን ፒስ» የጀመረው በሳምንታዊው «ሾነን ጃምፕ» የ1997 ቁጥር 34 ሲሆን፣ መጽሔቱ የወጣው ጁላይ 22 ቀን ነው። ቁጥሩንም ቀኑንም አብሮ መጻፍ ክርክሩን ከሥሩ ይነቅለዋል።

በመጽሐፍ መልክ የወጣ ቅጽ ሲሆን ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ። ጃፓኖች ኦኩዙኬ የሚሉት የኅትመት መግለጫ እዚያ አለ፤ የአሳታሚው ስም፣ የአታሚው ስም፣ የመጀመሪያው ኅትመት ቀንና የኅትመቱ ተራ ቁጥር ይገኙበታል። ይህም ቢሆን መደብር ከገባበት ቀን ሊለይ ይችላል። በድሮ መጻሕፍት ላይ ዓመቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይቆጠራል። ሾዋ 57 የተባለውን ለማወቅ 1925 ደምሩበት፤ 1982 ይመጣል። ሄይሴይ ከሆነ 1988 ደምሩ። በ1989 ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ሾዋ 64 የቆየው ሰባት ቀን ብቻ ሲሆን ከጃንዋሪ 8 ጀምሮ ያው ዓመት ሄይሴይ 1 ተብሏል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ አንዱን ዓመት ሁለት ዓመት ያደርገዋል።

የቴሌቪዥኑ ደግሞ የባሰ ነው። የጃፓን ጣቢያዎች የሌሊት ፕሮግራማቸውን ከ24 ሰዓት አሳልፈው ይቆጥራሉ። ዓርብ 25፡30 የሚል ካነበባችሁ እኩለ ሌሊት አልፎ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ ማለት ነው፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ ቅዳሜ ገብቷል። አብዛኛው የሌሊት አኒሜ የሚተላለፈው በዚህ ሰዓት ስለሆነ በቋታችን ውስጥ ያሉት ስንትና ስንት ቀኖች አንድ ቀን ወደ ኋላ የቀሩ ይሆኑ ብዬ እጨነቃለሁ። መቼ ታየ የሚለው ጥያቄ ራሱ ሁለት መልስ የሚኖረው ጊዜም አለ። «ካውቦይ ቢባፕ» በ1998 ከኤፕሪል እስከ ጁን በቴሌቪዥን ቶክዮ ሲተላለፍ ሙሉውን አላሳዩትም፤ 26ቱም ክፍሎች የታዩት ከኦክቶበር ጀምሮ «ዋውዋው» በተባለው የሳተላይት ጣቢያ ነው። አንዱን ብቻ የጻፈ ዳራ ታሪኩን በግማሽ ቆርጦታል። የትኛው ቀን እንደሆነ ሳይነገር ቀን እንዳይጻፍ መመሪያው በግልጽ ቢያዝ የዓመታት ጭቅጭቅ ያበቃል።

ከቀን ቀጥሎ የምንበድለው የሰውን ስምና ድርሻ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ታዲያ የሠራውን ሰው ስም አሳስቶ መጻፍ ምን ይባላል? የጃፓን ስም ከቻይና በመጣው ፊደል፣ በካንጂ፣ ሲጻፍ አነባበቡ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ጥንድ ፊደል ሳቺኮ ተብሎም ዩኪኮ ተብሎም ይነበባል፤ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ከፊደሉ አጠገብ በትንሹ የሚታተመው የአነባበብ ምልክት፣ ፉሪጋና፣ ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ ደግሞ የኮምፒውተር ትርጉም የሰጣችሁን ስም አትመኑ። እኔ በገጾቻችን ላይ አንድ ሰው በሁለት አነባበብ ሁለት ሰው ሆኖ፣ ሥራውም ለሁለት ተከፍሎ አይቻለሁ። በተቃራኒው ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። ፉጂኮ ፉጂዮ የብዕር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሰዎቹ ሂሮሺ ፉጂሞቶና ሞቶኦ አቢኮ ናቸው፤ በ1987 ተለያይተው ለየብቻ መሥራት ጀመሩ። «ዶራኤሞን» የፉጂሞቶ ሥራ ነው። ይህን ያላወቀ የአንዱን ሥራ ለሌላው ሰጥቶ ያልፋል።

በስም ዝርዝሩ ላይ የሚታዩት የሥራ መጠሪያዎችም ዓይን ይሻሉ። ጌንሳኩ ማለት ሥራው የተቀዳበት የመጀመሪያው ድርሰት ወይም ደራሲው ነው፤ ጌንአን ግን የመነሻ አሳቡን ብቻ ያመለክታል። ሁለቱን «ደራሲ» በሚል አንድ ቃል መተርጎም አሳብ ያቀበለውን ሰው መጽሐፍ ከጻፈው ጋር እኩል ማድረግ ነው። በማንጋ ላይ ጌንሳኩ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ሌላ ሰው ነው። «ዴዝ ኖት»ን የጻፈው ትሱጉሚ ኦባ፣ የሣለው ታኬሺ ኦባታ ነው። በአኒሜ ካንቶኩ ዳይሬክተሩ ነው፤ ሳኩጋ ካንቶኩ ግን የሥዕሎቹን ጥራትና አንድነት የሚቆጣጠረው ባለሙያ ነው፤ ኤንሹትሱ ደግሞ የአንዱን ክፍል አዘገጃጀት ይመራል። ሦስቱንም ዳይሬክተር ብለን ስንጽፍ አንባቢው አንድን ተከታታይ ሃያ ሰው የመራው ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ሴይሳኩ ነው። በድምፅ አንድ ዓይነት፣ በጽሕፈት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በግርጌው ልብስ የሚለውን ምልክት ይጨምራል፤ እሱ ገንዘቡን ያዋጣውንና ባለመብቱን ያመለክታል። ያለ ምልክቱ የተጻፈው ሥዕሉን ሥሎ፣ አንቀሳቅሶ፣ ፊልሙን የሠራውን ያመለክታል። የዛሬ አኒሜ በብዛት የሚሠራው አሳታሚ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የሙዚቃ ኩባንያና መጫወቻ ሻጭ አንድ ላይ ሆነው በሚያቋቁሙት የፕሮዳክሽን ኮሚቴ ገንዘብ ነው። ስቱዲዮው ብዙ ጊዜ ተቀጥሮ የሚሠራ ነው። «ስቱዲዮው ገንዘብ ስለፈለገ ሁለተኛ ምዕራፍ ሠራ» ወይም «ስቱዲዮው ሥራውን ተወው» የሚሉ ዳራዎች ስንቱን ንጹሕ ሠራተኛ ወቀሱት! ውሳኔው የማን እንደነበር ሳያውቁ መውቀስ ዳራ ሳይሆን ሐሜት ነው።

ሐሜትን ካነሣሁ ስለ አሉባልታ ልናገር። «ጎረቤቴ ቶቶሮ» በ1963 በሳያማ ከተፈጸመ የግድያ ወንጀል የተቀዳ ነው፣ ቶቶሮም የሞት አምላክ ነው የሚል ወሬ ለዓመታት ተናፍሷል። ስቱዲዮ ጂብሊ በ2007 ወሬው ሐሰት እንደሆነ በይፋ ተናግሯል። ይህ ሁሉ ሆኖ ወሬው በዳራ ዓምዶች ውስጥ «እንደሚባለው» በምትል ቃል ታጅቦ ይመላለሳል። «እንደሚባለው» የምትለውን ቃል ከዳራ ዓምድ እንድታግዷት እለምናችኋለሁ። የሚለው ማነው? ስሙ ካለ ይጠቀስ፤ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ። ወሬው ራሱ የሥራው ታሪክ አካል እስኪሆን ድረስ ከገነነ ደግሞ ከነማስተባበያው ይጻፍ፤ ማስተባበያው ይቅደም። ስለ ቶቶሮ የሚነገር እውነተኛ ነገር የጠፋ ይመስል! ፊልሙ ኤፕሪል 16 ቀን 1988 ከኢሳኦ ታካሃታ «የእሳት ዝንቦች መቃብር» ጋር በአንድ ትኬት ተጣምሮ ነው የታየው። ያ የደስታ ፊልምና ያ የሐዘን ፊልም በአንድ አዳራሽ በአንድ ቀን መታየታቸው ከየትኛውም የፈጠራ ወሬ ይበልጥ ልብን ይነካል፤ በእውነት የተፈጸመም ነው።

ቁጥርም ያው ነው። ዲሴምበር 16 ቀን 1997 የታየው የ«ፖኬሞን» ክፍል በቀይና በሰማያዊ ብርሃን ብልጭታው የተነሣ 685 ሰዎች ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል፤ ተከታታዩም እስከ ኤፕሪል 1998 ተቋርጦ ቆየ። ከዚያ ወዲህ የጃፓን አሰራጮች ስለ ብልጭታ የጥንቃቄ መመሪያ አውጥተዋል። ይህ በቂ አይደለምን? ግን ሰው እየቀባበለ ወደ ሆስፒታል የተወሰዱትን «ሺዎች» አደረጋቸው፤ ከዚያም የሞተ ሰው አለ የሚል ተጨመረበት። የታመሙት ልጆች ናቸው። በልጆች ሕመም ላይ ማጋነን መጨመር ከስህተት ያለፈ በደል ነው።

«የመጀመሪያው»፣ «ትልቁ»፣ «ተወዳጁ» ስለሚሉት ቃላት ብዙ አልናገርም፤ አንድ ምሳሌ ይበቃል። የኦሳሙ ቴዙካ «ቴትሱዋን አቶሙ» የመጀመሪያው የቴሌቪዥን አኒሜ ነው ተብሎ ይጻፋል። ከእሱ ቀደም አጫጭር የቴሌቪዥን አኒሜዎች ታይተዋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1963 በፉጂ ቴሌቪዥን የተጀመረው ይህ ሥራ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየታየ ታሪክ የሚተርክ የመጀመሪያው ተከታታይ ነው ቢባል ግን እውነት ነው፤ 193 ክፍሎች ድረስም ሄዷል። «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል በምን የመጀመሪያ እንደሆነ ካልተነገረ አይጻፍ። «ተወዳጅ»ን በተመለከተ ግን ቃሉ ከነጭራሹ ቢቀር የሚጎዳ አንድም ገጽ አላውቅም።

የሚቀጥለውን ስጽፍ ስሜቴን መቆጣጠር ይከብደኛል። ባለፈው ጊዜ አንድ ብዙም የማይታወቅ የሴት ልጆች ማንጋ ዳራ ለመጻፍ ሳምንታት ፈጀሁ። የድሮ እትሞችን ሽፋን አየሁ፤ ደራሲዋ በየቅጹ ጠርዝ ላይ ለአንባቢ የጻፈቻቸውን አጫጭር ማስታወሻዎች ተራ በተራ አነበብሁ፤ ለምን አንድ ዓመት እንዳቋረጠች እዚያው በራሷ ቃል ተጽፎ አገኘሁ። ስምንት ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ። በማግሥቱ ሌላ ሰው ከመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን የተቀዳ የማስታወቂያ ጽሑፍ አምጥቶ በላዩ ጫነው፤ የእኔም ጠፋ። አርታዒውን ስጠይቅ የአዲሱ ጽሑፍ ርዝመት እንደሚበልጥ፣ መመሪያውም ስለ ይዘት ምንም እንደማይል ነገረኝ። አርታዒውን አልወቅስም፤ በእጁ ያለው ደንብ የሚፈቅድለትን ፈጸመ። ደንቡን ግን እወቅሳለሁ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ቀድቶ መለጠፍ የመብት ጥሰት ነው፤ በዚያ ላይ ማስታወቂያ የተጻፈው ለመሸጥ እንጂ ለማስረዳት አይደለም። በኮምፒውተር የተተረጎመ ወይም የተፈበረከ ጽሑፍም ማንም ሳያጣራው እንዳይገባ ደንቡ ይናገር። የሚያምር ዓረፍተ ነገር የውሸት ቀን ሲሸከም ማንም አይጠረጥረውም፤ ጉዳቱም የሚብሰው በዚህ ነው።

ስለ ሰዎች ግላዊ ሕይወት አጭር ቃል አለኝ። ብዙ የማንጋ ደራስያን እውነተኛ ስማቸውንና መልካቸውን ለሕዝብ አያሳዩም። ይህ ምርጫቸው ነው፤ እኛም የምናከብረው ይሁን። ደራሲው ራሱ ያልተናገረውን ስም፣ አድራሻ፣ ሕመምና የቤተሰብ ጉዳይ ፈልፍሎ ማውጣት «ትኩረት የሚስብ መረጃ» ቢሆንም ዳራ አይደለም። ደራሲው ታምሜ ነበርና አቋረጥሁ ካለ ያለውን ያህል ጻፉ፤ የበሽታውን ስም አትገምቱ።

በጎ ፈቃደኞችንም አስቡልን። የአስተዋጽኦ መለኪያችን የተሞሉ ዓምዶች ቁጥር ነው። ባዶ ዓምድ የሞላ ነጥብ ያገኛል፤ ሐሰት ያጠፋ ምንም አያገኝም። በዚህ አያያዝ ሰው የማያውቀውን እንዲጽፍ እኛው እየገፋፋነው ነው። ዓምዱ ባዶ ሲሆን አንባቢ ገና እንዳልተጣራ ይረዳል፤ በግምት ሲሞላ ግን የተጣራ ይመስለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያጣራውም። እንግዲህ የምናውቀው ሁለት ዓረፍተ ነገር ከሆነ ሁለት ይበቃል፤ ምንም ካላወቅን ዓምዱ ባዶ ይቆይ፤ ያጣራና ያረመ ሰውም እንደጻፈ ሰው ይቆጠርለት። ጽሑፍ ስትመልሱም ምክንያቱን በአንድ መስመር ንገሩን። «ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ደረቅ ቃል ስንቱን ትጉ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት እንዳባረረ አይቻለሁ። «ይህ የሽፋን ወር ነው፤ የወጣበትን ቀን ፈልግ» ብትሉት ግን ቀን አነባበብ የተማረ ጸሐፊ ታተርፋላችሁ።

መመሪያውን ለመጻፍ ጊዜ ካጠራችሁ ረቂቁን እኔና ሌሎች ነባር ጸሐፊዎች ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን፤ ከላይ ያነሣኋቸውን ምሳሌዎችም እንደ ወደዳችሁ ተጠቀሙባቸው። እስከዚያው ድረስ በስሜ የተመዘገቡትን ገጾች ከመጀመሪያው አንሥቼ እንደገና እየመረመርሁ ነው። ምንጭ ያጣሁላቸውን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ አወጣለሁ፤ አንዳንድ ገጾች ከአሥር መስመር ወደ ሦስት ይወርዳሉ፤ ጥቂቶቹም ባዶ ይሆናሉ። ለውጡ ፊታችሁ ሲደርስ «መረጃ ተቀነሰ» ብላችሁ የድሮውን እንዳትመልሱት አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዳራ ዓምድ በጎ ፈቃደኛ ጸሐፊ